ስለ ኦሲዲ የምታውቁትንም የማታውቁትንም ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአእምሮ ህክምና ነርስ ነኝ። ዛሬ የምንነጋገረው ኦሲዲ (OCD) ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። በጽሑፍ ምርመራ አላደርግም። መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ። በሉ ጠይቁ።

አቤል፦ ሲስተር፣ አንድ ሰው ጤነኛ ነው ወይም አይደለም የሚባለው በምንድን ነው? ማን ነው የሚወስነው?

ሲስተር፦ ከሰው የተለየ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 ካርትራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከጌቶቻቸው የሚጠፉ ባሪያዎችን «በሽታ ነው የሚያስኮበልላቸው» ብሎ ጽፏል። ለበሽታውም «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አውጥቶለታል። «ከማኅበረሰቡ ወጣ ያለ» የሚለው መለኪያ ብቻውን ሲቀር እንዲህ ያደርጋል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየውን ያስጨንቀዋል? ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ትዳሩን ያሰናክልበታል? ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ አለው? ባህሉንም እናያለን። ለቅሶ ላይ ደረቷን እየደቃች ሟቹን በስሙ እየጠራች የምታናግር እናት አልታመመችም። አዝናለች።

ሕይወት፦ እኔ ቤቴ ካልጸዳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኦሲዲ አለብኝ ማለት ነው?

ሲስተር፦ በጽሑፍ ምርመራ አላደርግም። ጽዳት መውደድ ግን ኦሲዲ አይደለም።

ብሩክ፦ ታዲያ ኦሲዲ ምንድን ነው?

ሲስተር፦ ሁለት ነገር ነው። ሳይጠሩት የሚመጣና አልወጣም የሚል ሐሳብ አለ። ያንን ሐሳብ ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊትም አለ። አንድ ታካሚ ነበረኝ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት የቡታጋዙን ሲሊንደር ይዘጋል። በእጁ ይነካዋል። «ተዘግቷል» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። በሩን ቆልፎ ታክሲ ተራ ይደርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በኋላ ዘዴ አገኘሁ ብሎ የተዘጋውን በስልኩ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ሳምንት አልቆየም፣ «ፎቶው የትናንቱ ቢሆንስ?» አለ። አያችሁ? ባረጋገጠ ቁጥር ለትንሽ ጊዜ እፎይ ይላል። አእምሮው ግን «ያዳነኝ ማረጋገጤ ነው» ብሎ ይማራል። ስለዚህ ነገ የበለጠ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ነገር በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚበላ ከሆነ፣ ወይም ኑሮን የሚያውክ ከሆነ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው።

ስሜ ይቆይ፦ ቅዳሴ ላይ ስቆም በአምላክ ላይ የስድብ ቃል ይመጣብኛል። መቁረብ አቁሜያለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ራችማንና ደ ሲልቫ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ጤነኛ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ እንደዚህ ያለ አስፈሪ ሐሳብ ይመጣባቸዋል። ልዩነቱ ለሐሳቡ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። ሌላው ሰው «ምን የማይመጣ ነገር አለ» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን አምላክሽን ስለምትወጂ ትደነግጫለሽ። ታግለሽ ልታባርሪው ስትሞክሪ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ታካሚያችን ስለ አንድ ሐሳብ በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ንስሐ አባቷ ዘንድ ትሄድ ነበር። ብልህ አባት ነበሩ። «ልጄ፣ ስለዚህ ሐሳብ ከእንግዲህ አልሰማሽም፤ ይህ ሕመም ነው፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሏት። መዳኗ ከዚያ ጀመረ።

ከድር፦ በእኛም አለ፣ ወስዋስ እንለዋለን። ውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት፣ አሥር ጊዜ የሚደግም ጓደኛ ነበረኝ። ኡለማዎች «እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም» ይላሉ።

ሲስተር፦ ከድር፣ ይህ ቃል ወርቅ ነው። ህክምናውም ጥርጣሬ በመጣ ቁጥር ድርጊቱን አለመድገምን ያስተምራል።

ዮናስ፦ ይቅርታ፣ ይሄ ክፉ መንፈስ ነው። ጸበል እንጂ ኪኒን አያድነውም።

ሳሮን፦ ዮናስ፣ ወንድሜን ጸበል ወስደን መድኃኒቱን አስቁመውት ነበር። ክፉኛ ባሰበት። ያላየኸውን አትናገር።

ዮናስ፦ እምነት ጎድሏችሁ ነው።

ሳሮን፦ ለእምነታችን አንተ አትመሰክርም!

ሲስተር፦ በቃ፣ እባካችሁ። ጸበል ተጠመቁ፣ ጸልዩ፤ አልከለክልም። መድኃኒት ግን አታቋርጡ። ከላይ ብዬዋለሁ፣ ደግሜ እላለሁ።

ትዕግሥት፦ መድኃኒቱ የትኛው ነው? መጠኑስ?

ሲስተር፦ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ከድሮዎቹ ክሎሚፕራሚን። መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ለኦሲዲ ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ሄኖክ፦ ሲስተር የኦሲዲ ምልክቱ ምንድን ነው?

ሲስተር፦ ሄኖክ፣ ለብሩክ በሰፊው ጽፌያለሁ። አንብበው።

ዳንኤል፦ ባለቤቴ በቀን ሃያ ጊዜ «እጄ ንጹሕ ነው?» ትለኛለች። «አዎ፣ ንጹሕ ነው» እላታለሁ። ካላልኩ ታለቅሳለች።

ሲስተር፦ ዳንኤል፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቤተሰብ በፍቅር የሚሠራው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ያንተ «አዎ» እጇን ከመታጠቧ አይለይም። እሷ በእጇ ታጥባለች፣ አንተ በአፍህ ታጥብላታለህ። ቪክቶር ማየር የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ላይ መውጫውን አሳይቷል። ታካሚዎቹ የሚፈሩትን እየነኩ፣ ግን ሳይታጠቡ እንዲቆዩ አደረገ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ቆይቶ ይወርዳል። ዛሬም ለኦሲዲ በጣም የሚመከረው የንግግር ህክምና ከዚያ የመጣ ነው። አንተ ግን ነገ ጠዋት ብድግ ብለህ ዝም እንዳትላት። ጭካኔ ይመስላታል። ደህና በሆነችበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ቢቻል ባለሙያ ባለበት። በቀን ሃያ ከሆነ መጀመሪያ አሥራ አምስት ይሁን።

ዳንኤል፦ ዛሬ ማታ ብትጠይቀኝስ?

ሲስተር፦ ገና አልተነጋገራችሁማ። ዛሬ እንደወትሮህ መልስላት። ነገ ሻይ ስትጠጡ አንሣው። ከተስማማችሁ በኋላ ስትጠይቅህ ግን እጇን ያዝና «የሚጠይቀኝ ሕመሙ ነው፤ አልመልስለትም፤ አንቺ ጋ ግን ነኝ» በላት። እጇን መያዝህን አትርሳ።