መልስ፦ ደመወዝ ከተጨመረ በኋላም አዋላጆች ለምን ይለቃሉ?

«ደመወዝ ጨምረንም አዋላጆቻችን እየለቀቁ ነው፤ ምን ጎደለ?» ብለው ለጠየቁት፦ ደመወዙ ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን ሰው አያቆይም። እኔም አዋላጅ ነኝ። አንድ ሌሊት ብቻዬን ተረኛ ሆኜ ሦስት እናቶች ምጥ ላይ ነበሩ። የአንዷን ፅንስ የልብ ምት እያዳመጥኩ ሌላዋ በስሜ ስትጣራ እሰማለሁ፤ ጥያት መሄድ አልቻልኩም። ሁሉም በሰላም ተገላገሉ። እኔ ግን ጠዋት ቤቴ ገብቼ ያቺ ጥሪ ከጆሮዬ አልጠፋ ብላ አለቀስኩ። ብዙዎቻችን ሥራውን እየወደድነው የምንለቀው፣ በሚገባው መንገድ መሥራት ሲያቅተን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በየአዳሩ ስንት ሰው እንዳለ ይዩ። የተረኝነት ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ ይውጣ፤ አዋላጆቹም ይጠየቁበት። አዲስ ተመራቂን ብቻዋን አዳር አያስገቡ። እናት ወይም ሕፃን ባለፈ ማግስት ደግሞ፣ «ማን አጠፋ?» ከመባሉ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ይሄ በጣም ይረሳል። በ2021 የወጣው የዓለም የአዋላጅነት ሁኔታ ሪፖርት በዓለም ያለውን የአዋላጆች እጥረት 900,000 አድርሶታልና ተተኪ ማግኘት ከባድ ነው። የለቀቁትን ከመጠየቅ ይልቅ፣ ገና ያልለቀቁትን አንድ በአንድ ያነጋግሩ።