«ፕሌትሌቱ 42,000 ነው፤ ምን ታደርጊያለሽ?»

ውድ እህቴ፣

በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቀሽ ለአንድ የግል ሆስፒታል ስትወዳደሪ የቀረበልሽን ጥያቄ ልከሽልናል። ታካሚው ለቀዶ ሕክምና እየተዘጋጀ ነው፤ የመድማት ምልክት የለበትም፤ ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው። የደም ሴሎች ቆጠራው (ሲቢሲ) ላይ ግን ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል፣ በማይክሮ ሊትር 42,000 ወጥቷል፤ ይህ በጣም ዝቅተኛ ነው። «ደግሜ እሠራዋለሁ፤ ያው ከሆነ ሪፖርት አደርጋለሁ» ብለሽ መለስሽ፤ ሥራውንም አላገኘሽም። ምን እንደጎደለሽና ሄማቶሎጂ ላይ ከፍለሽ መሠልጠን ይኖርብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል።

የጎደለው ይሄ ነው። ያንኑ ቱቦ መድገም የማሽኑን ችግር ሊያሳይ ይችላል፤ የናሙናውን ችግር ግን አያሳይም። ፕሌትሌቶቹ ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው ከሆነ ስንት ጊዜ ብትደግሚው ዝቅተኛ ቁጥር ነው የሚወጣው፤ እየቆየ ሲሄድ እንዲያውም ይብስበታል። ጠያቂዎቹ ሊሰሙ የፈለጉት ቁጥሩ ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት በምን ቅደም ተከተል እንደምታረጋግጪው ነው።

መልስሽ ከቱቦው ይጀምር። ስሙና ቁጥሩ የታካሚው መሆኑን አይተሽ፣ ክዳኑን ከፍተሽ በእንጨት አፕሊኬተር (ቀጭን ዘንግ) ክሎት፣ ማለትም የረጋ ደም፣ ፈልጊ። ክር የምታክል ክሎት እንኳ ከተገኘች ናሙናው ውድቅ ነው፤ አዲስ ይቀዳል። ክሎቱን አውጥቶ የቀረውን ማሠራት ትልቅ ስህተት ነው፤ ፕሌትሌቶቹ አብረው ወጥተዋልና። ይህ የሚመጣው ደም ሥር አስቸግሮ ደሙ በዝግታ ሲንጠባጠብ፣ በሲሪንጅ የተቀዳው ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ሲቆይ፣ ቱቦው ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ሳይገለበጥ ሲቀር ነው።

ክሎት ከሌለ ማሽኑ ያወጣውን ፍላግ (ማስጠንቀቂያ) እና ሂስቶግራም (ሴሎቹን በመጠናቸው የሚያሳይ ግራፍ) ተመልከቺ። የፕሌትሌቱ መስመር በስተቀኝ ወደ ታች ሳይመለስ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ የነጭ ደም ሴሉም መስመር በስተግራ ከዜሮ ሳይነሳ ከጀመረ፣ የተጣበቁ ፕሌትሌቶች ነጭ ሴል እየተባሉ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሴሉም ከእውነተኛው በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን በራስሽ አንስተሽ ብትናገሪ ጠያቂዎቹ የሚያስታውሱሽ በዚህ ነው።

ቀጥሎ ስሚር፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ የተሳበ ደም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ካለበት ከሐምራዊው ቱቦ ስላይድ ሠርተሽ፣ ራይት የተባለውን ቀለም ቀብተሽ፣ በመጀመሪያ በ10ኤክስ የስላይዱን ጅራትና ጠርዞቹን ቃኚ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀጥታ በ100ኤክስ መሃሉ ላይ ይገባና «ፕሌትሌት ጥቂት ነው» ብሎ ማሽኑን ያጸድቃል። የተጣበቁት ፕሌትሌቶች ክምር ትልቅ ስለሆነ ስሚሩ ሲሳብ ወደ ጅራቱ ይገፋል፤ መሃሉ ባዶ ይመስላል። ጅራቱ ላይ ክምር ከሌለ በ100ኤክስ በኦይል 10 ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ) ቆጥረሽ አማካዩን እንደ ላቦራቶሪው መመሪያ በ15,000 ወይም በ20,000 አባዢ። እውነተኛ 42,000 ከሆነ በአንድ ፊልድ ከ2 እስከ 3 ነው የምታዪው። ክምር ካለ ግን በግምት ቁጥር አትስጪ።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ከጣት በቀጥታ በተሠራ ስላይድ ላይ ፕሌትሌት ተሰባስቦ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ፀረ-መርጊያ የለውምና። እሱን አይተሽ «ኢዲቲኤ ነው ያጣበቀው» ማለት አትችይም።

ኢዲቲኤ ለምን ያጣብቃል ብለው ከጠየቁሽ፦ ካልሲየሙን ሲይዝ በፕሌትሌቱ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ቅርፁ ተለውጦ የተደበቀ ክፍሉ ይጋለጣል፤ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ እዚያ ላይ ይይዝና ፕሌትሌቶቹን ያያይዛቸዋል። ሰውነት ውስጥ አይከሰትም፤ ታካሚው በዚህ ምክንያት አይደማም። ከሺህ ሰው በአንዱ ገደማ ይታያል፤ ደሙ ሲቀዘቅዝና ሲቆይ ይጨምራል።

ማረጋገጫው ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ሳይትሬት የተባለ ሌላ ፀረ-መርጊያ የያዘ ቱቦ ነው። ከሐምራዊው ጋር አብሮ የሚቀዳ ከሆነ ሰማያዊው ይቅደም፤ የኢዲቲኤ ጠብታ እንዳይገባበት። በቢራቢሮ መርፌ ስትቀጂ ገመዱ ውስጥ ያለው አየር ቱቦውን ስለሚያጎድለው አንድ የሚጣል ቱቦ አስቀድሚ። ቱቦው 0.3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳይትሬት ስላለውና 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ስለሚቀበል ደሙ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የወጣውን ፕሌትሌት በ1.1 ታባዢያለሽ። 180,000 ከወጣ 198,000 ማለት ነው። ይህ የሚሠራው እስከ ምልክቱ ከሞላ ብቻ ነው፤ ግማሽ ከሆነ ማባዣው ወደ 1.22 ይሄዳል፣ ቁጥሩም አይታመንም። ሄሞግሎቢኑን ከሳይትሬቱ አትውሰጂ፤ ከኢዲቲኤው ነው።

ሳይትሬትም የሚያጣብቅባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ከእሱም ስሚር ይሠራ። ያኔ ታካሚው ላቦራቶሪ መጥቶ ደሙ እንደተቀዳ ወዲያው ይሠራል፤ ወይም ከጣቱ 20 ማይክሮ ሊትር በ1.98 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ አሞኒየም ኦክሳሌት ውስጥ ተደርጎ በኒውባወር ቻምበር (በካሬ የተከፋፈለ የመቁጠሪያ መስታወት) በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ቻምበሩን እርጥበት ባለው ሳህን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይተሽ፣ በመካከለኛው ትልቅ ካሬ ያገኘሽውን በ1,000 ታባዢያለሽ።

ግዙፍ ፕሌትሌቶችንም ጥቀሺ፤ በኢምፔዳንስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሴሉን መጠን እየለካ የሚቆጥር ማሽን ትልቅነታቸውን አይቶ ከቆጠራው ያወጣቸዋል። ፕሌትሌት በኒውትሮፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ዙሪያ እንደ ቀለበት ሲደረደርም ቁጥሩ ይወርዳል። ሁለቱንም የሚያሳየው ስሚሩ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ አደጋው ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ ነው። ወባ ፕሌትሌትን በእውነት ያወርዳል፤ የግርሻ ትኩሳት፣ ካላአዛርና የጣፊያ ማበጥም እንዲሁ። ትኩሳት ያለው ሰው ፕሌትሌቱ 42,000 ሆኖ ቱቦው ውስጥ ክሎት፣ ስሚሩ ላይም ክምር፣ ግዙፍ ፕሌትሌት ወይም ቀለበት ከሌለ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ፓራሳይት ፈልጊ፣ ሐኪሙንም በስልክ አሳውቂ።

ሪፖርቱ ላይ ክምር ከታየ 42,000 ብለሽ አትልቀቂ። «ፕሌትሌት በኢዲቲኤ ተሰባስቧል፤ ቁጥሩ አስተማማኝ አይደለም፤ በሳይትሬት ቱቦ ይደገም» ብለሽ ጻፊ፣ ደውለሽ ንገሪ፣ የነገርሽውን ሰውና ሰዓቱን መዝግቢ። ያ ቁጥር እንዲሁ ቢወጣ ቀዶ ሕክምናው ይዘገያል፣ የወገብ ማደንዘዣ ይከለከላል፣ ለማያስፈልገው ሰው ፕሌትሌት ይሰጣል፣ ወይም ስቴሮይድ ይጀመርለታል። ኢዲቲኤ ፕሌትሌቱን እንደሚያጣብቅበትም በታካሚው የግል ካርድ ላይ እንዲጻፍለት ጠይቂ፤ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ያንኑ መንገድ እንዳይደግም።

ስለ ሥልጠናው፦ ለዚህ ብቻ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ልምምድ የወጣሽበትን ላቦራቶሪ የሄማቶሎጂ ኃላፊ አስፈቅደሽ፣ ከተነበቡ ስላይዶች መካከል ፍላግ የወጣባቸውን ከማሽኑ ህትመት ጋር እያመሳከርሽ ተመልከቺ፤ ግምትሽን ቀድመሽ ጽፈሽ ከዚያ ቁጥሩን እይ። ሲቪሽ ላይም «ሄማቶሎጂ እችላለሁ» ከማለት ይልቅ የስሚር ግምገማ፣ የፕሌትሌት ግምትና የቻምበር ቆጠራ እንደምትሠሪ በስማቸው ዘርዝሪ፤ በቃለ መጠይቅ የሚጠይቁሽ ከጻፍሽው ተነስተው ነውና የማትችይውን አትጨምሪ።