ከዝገቱ በፊት ፀሐዩን

ወንድሜ፣ ከሐረር የላክኸውን ፎቶግራፍ አየሁት። «ለትንሹ የሞዴል ባቡሬ የገዛሁት አዲሱ ፉርጎ እንደ ከረሜላ ያብለጨልጫል፤ አሮጌ ይምሰል ብዬ ዝገት ብቀባው ደግሞ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ፤ ምን ላድርግ?» ብለሃል። እጅህ ጥሩ ነው። የተሳሳትከው ከዝገት በመጀመርህ ነው።

አባቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በያጅ ስለነበር ልጅነቴ ያለፈው በቆሙ ፉርጎዎች መካከል ነው። እኛ አገር ቀለምን ቀድማ የምትገድለው ፀሐይ ናት። ቀዩ ይገረጣል፣ አረንጓዴው አመድ ይመስላል፣ በጣትህ ስትነካው ዱቄት ይዞህ ይወጣል። ዝገቱ ኋላ ይመጣል፤ እሱም በሁሉም ቦታ አይደለም፦ በብሎን ራስ ሥር፣ ተንሸራታቹ በር በሚፍቀው መስመር፣ ውኃ በሚያቁርበት ጠርዝ። የቆየ ዝገት ደግሞ የተቆላ ቡና ይመስላል እንጂ ብርቱካናማ አይደለም።

ስለዚህ ፉርጎውን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው፤ ሌሊቱን ይድረቅ። የራሱን ቀለም በውኃ በሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም አስመስለህ ነጭ ጨምርበትና ውኃ እንደበዛበት ወተት አቅጥነው። ብሩሹን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ሳብ፤ ዝናብም የሚወርደው እንደዚያው ነው። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ጣሪያው ከጎኖቹ በላይ ይገርጣ። ሲደርቅ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ንፋበት፤ ያለዚያ አቧራው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

አቧራውን ከድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ነው የማመጣው። ወንዙ ሲደርቅ ዳር ላይ የሚቀረውን ደለል በአሮጌ ስቶኪንግ እነፋዋለሁ። በ1 ለ 87 መጠን፣ ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ቅንጣት ከ4 ሴንቲሜትር የበለጠች ጠጠር ስለምትሆን መንፋቱን አትናቅ። ከዚያ ማግኔት በወረቀት ጠቅልለህ በላዩ አሳልፍ። ጥቋቁር ቅንጣቶች እንደ ጢም ተንጨባርረው ይይዙታል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቅንጣቶቹ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ገብተው ሞተሩን አንቀውብኛል። የተጣራውን በለስላሳ ብሩሽ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ እያሳሳህ ጠቅ ጠቅ አድርገው፤ አቧራ ከሃዲዱ ነውና የሚነሣው።

ዝገቱን በመጨረሻ በተቀደደ ስፖንጅ ጫፍ፣ ነጥብ ነጥብ አድርገህ አሳርፍ። አሁንም ትንሽ ቀረ ስትል አቁም።

ቲነር አታስጠጋ። የመጀመሪያ ፉርጎዬን በእሱ ላጸዳ ስል የበሩ እጀታ በጣቴ ሥር እንደ ሻማ ለሰለሰ። በቫርኒሹ ላይ አልኮል ካፈሰስክም ነጭ ጉም ይለብሳል። አልኮልን በጥጥ ነክረህ ሃዲዱን የሚነካውን የመንኮራኩሩን ገጽ ብቻ ጥረግበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሃዲድህ ስፋት፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ 16.5 ሚሊሜትር ከሆነ የሚወክለው 1435 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን፣ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀውን አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው። ፈረንሳዮች የሠሩት የአሮጌው መስመር ሃዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለሆነ በዚህ መጠን 12 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ብዙ ሰው ልዩነቱን አያየውም፤ እኔን ግን ይከነክነኛል።

ድሬ ስትወርድ ለብዙ ዓመት ቆሞ የቀረ ፉርጎ ፈልገህ ዙረው። ደቡብን የሚያየው ጎኑ ከሰሜኑ ይልቅ ገርጥቶ ታገኘዋለህ። ያንተም ሁለት ጎኖች እኩል አይገርጡ።