ሱቁ በወንድሜ ስም ነው፤ ገንዘቡ ግን የእኔ ነው

ጥያቄ፦ ዱባይ በቤት ሠራተኝነት 6 ዓመቴ ነው። በላክሁት ብር ወንድሜ ከ4 ዓመት በፊት ኮምቦልቻ የልብስ ሱቅ ከፈተ። ልብሱንም ገዝቼ በካርጎ የምልከው እኔ ነኝ። ንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ነው። በጥር ሊያገባ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩ ሳይበላሽ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

እቅጩን ልንገርሽ። በመዝገብ ነጋዴው ወንድምሽ ነው። ገቢዎችም ባንኩም የሚያውቁት እሱን ነው። ደረሰኞችሽ ብር መላክሽን ያሳያሉ እንጂ ለምን እንደላክሽ አይናገሩም። እስቲ አንዱን አውጥተሽ እዪው። የመላኪያ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለቤተሰብ ድጋፍ» ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል። ነገ ችሎት ፊት ያቺ አጭር መስመር አንቺኑ ትሞግትሻለች። «አበድሬው ነው» እንዳትዪ ደግሞ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ጎረቤት ቢመሰክርልሽ አይበቃም። ወንድምሽ በኢሞ «የሱቅሽ ዕቃ ገባ» ያለበት ድምፅ ካለሽ ግን እንዳታጠፊው፤ ለክርክር ይረዳሻል።

ትዳሩ ሲመጣ ይባስ ይወሳሰባል። ከሠርጉ በኋላ ሱቁ የሚያስገባው ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ነው። የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረትም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አሮጌውና አዲሱ ልብስ አንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀላቀል ማን ይለየዋል? ሙሽሪትም ያላየችውን ያንቺን ላብ ከየት ታውቀዋለች?

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ተጻጻፉ። እኔ የምመርጥልሽ ሁለታችሁ አባል የምትሆኑበት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (የየአንዳንዳችሁ ድርሻ ተጽፎ የሚመዘገብበት የንግድ ድርጅት) ነው። ወንድምሽም 4 ዓመት ሱቅ ውስጥ ቆሟል፤ ድካሙ በድርሻ ወይም በደመወዝ ይቆጠርለት። ወሬውን ከዚህ ብትጀምሪው አይከፋውም። ማኅበሩ ለጊዜው ከከበዳችሁ፣ ስንት ብር እንዳስገባሽ የሚያምንበት ውል ይፈርምልሽ። ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያዘው ውል ያለ እነሱ አይጸናም።

መምጣት ካልቻልሽ ለእናትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ለወንድምሽ አይሁን፤ በሁለቱም ወገን ሆኖ ከራሱ ጋር ሊዋዋል አይገባም። የምትወክዪበትን ሥራ ለይተሽ ጻፊ፤ «ማንኛውንም ነገር» የሚል አትፈርሚ። ዱባይ ያለው ቆንስላችን ካረጋገጠልሽ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል። ጊዜ ይወስዳል፤ ጥር እስኪደርስ አትጠብቂ። ፓስፖርትሽ እመቤትሽ ጋ ከሆነም ዛሬውኑ ጠይቂያት፤ የኤሚሬትስ ሕግ ፓስፖርትሽን ራስሽ እንድትይዢ ነው የሚለው።