የስቴሪዮ ማይክ ገመድና ጃክ፦ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ሰላም የጅማ ልጆች። ሰርግ የምትቀርጹ፣ መዝሙርና መንዙማ የምትቀዱ፣ ስለ ማይክ ገመድ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። የገመዱን ዓይነትና የምትሰኩበትን ዕቃ ሳትጽፉ ግን አትጠይቁ።

የቆጪ ልጅ፦ ጋሼ፣ ለካሜራ የሚሆን ባለ 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ ጃክ ገዝቻለሁ። ገመዱ ውስጥ ቀይ፣ ነጭና ልብስ የሌለው የተጠለፈ ሽቦ አለ። የቱ የት ይበየዳል?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። የጃኩ ጫፍ ግራ ነው፣ መሃል ያለው ቀለበት ቀኝ፣ ከሥር ያለው ግራውንድ፣ ማለትም ለሁለቱም የጋራ የሆነው መመለሻ። አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ግራ፣ ቀዩ ቀኝ፣ የተጠለፈው ግራውንድ ይሆናል። ግን ቀለም አትመን። ቴስተሩን (መልቲሜትሩን) የሚጮኸው ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፍ በማስነካት ለካ፤ ከተገናኙ ይጮኻል። ጃኩን ስትፈታው ሦስት ምላስ ታያለህ፤ ገመዱን የሚጨብጠው ረጅሙ የግራውንድ ነው። ሁለቱን ትንንሾች በዓይን ለመለየት አትሞክር፣ እነሱንም ለካ። የጃኩን ሽፋን ከመበየድህ በፊት ገመዱ ላይ አስገባ፣ በኋላ አይገባም። ሽቦውንም ምላሱንም ለየብቻ የብየዳ እርሳስ አልብሳቸው፣ ከዚያ አገናኝተህ ካውያውን አስነክተህ ቶሎ አንሳ። ከቆየ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጥና ጫፉና ቀለበቱ ይነካካሉ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ምን አስበየደው? ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ይበቃል። የኔ እስከዛሬ ይሠራል።

የመርካቶዋ፦ ክረምት ይግባና እናያለን። በጅማ እርጥበት መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ሽሽሽ ብቻ ነው የምትሰማው።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሱ የጃኩ ጥራት ነው። ሞንታርቦዬንም የጠመዘዝኩት እንደዛ ነው።

መልስ፦ እሷ ልክ ናት። ወደ ስፒከር የሚሄደው ኃይል ትልቅ ነው፣ የማይክ ግን ሚሊቮልት ነው። ለስፒከር የሚያልፍ ጥምዝ ለማይክ አያልፍም። በቃ፣ ወደ ጥያቄው።

ጅሬን፦ ስልኬ ላይ ስሰካው ስቴሪዮ አይቀዳም።

መልስ፦ አይቀዳም። የስልክ ቀዳዳ የማይክ መግቢያው አንድ ብቻ ነው።

ቦሳ ኪቶ፦ ድምፅ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ማይክ? ምን ላይ ሰክተህ? መጀመሪያ ለካ።

የመርካቶዋ፦ ጋሼ፣ የአዳራሽ ማይክ አለኝ፣ ባለሦስት ፒን። እሱም ሦስት ሽቦ ስላለው ስቴሪዮ ጃክ ላይ ሦስቱንም እንዳሉ ልበይዳቸው? የምሰካው ካሜራ ላይ ነው።

መልስ፦ እንዳታደርጊው እህቴ! ብዙ ሰርግ የተበላሸው በዚህ ነው። ሦስት ሽቦ ያለው ሁሉ ስቴሪዮ አይደለም። እዚያ ፒን 1 ግራውንድ ነው፣ ፒን 2 ድምፁ፣ ፒን 3 ደግሞ ያው ድምፅ ተገልብጦ። ሚክሰሩ አንዱን ካንዱ ሲቀንስ መንገድ ላይ የገባው ጫጫታ ይጠፋል፣ ድምፁ ይቀራል። ካሜራ ይህን አያውቅም፤ አንዱን በግራ፣ የተገለበጠውን በቀኝ ይቀዳዋል። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሚው ድምፅ አለ፣ ግን የተበተነ ነው። ቪዲዮውን አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ስትከፍቺው ግን ግራና ቀኙ ተደምረው ይጠፋፋሉ፣ የአባትየው ምርቃት የለም። መፍትሔው፦ ፒን 2ን ጫፉም ቀለበቱም ላይ አገናኚ፣ ፒን 1ና 3ን ግራውንድ ላይ። ይህ ለዳይናሚክ ማይክ ነው፣ ኃይል ሳይሰጠው ለሚሠራው። ካሜራው ለማይክ ኃይል የሚሰጥ ከሆነ ከሜኑው አጥፊው። 48 ቮልት የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ገመድ ብቻውን አያሠራውም። በይደሽ ስትጨርሺም ለኪ።

አጂፕ፦ ቀዩ ነው ነጩ ግራ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ። ቀለም አትመን፣ ለካ!

አዌቱ ማዶ፦ የኔ ቀጭን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው፣ እርሳስ አይዝም።

መልስ፦ ሽቦው ቫርኒሽ ተቀብቷል። በምላጭ ቀስ አድርገህ ፋቀው።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሺ በየድኩት። ሁለት ማይክ ነው፣ ካሜራው ላይ አንዱ ጎን አይሰማም።

መልስ፦ ጎበዝ፣ እንኳን በየድከው። አሁን የግራውን ማይክ በጣትህ መታ መታ አድርገህ የካሜራውን የድምፅ መለኪያ ተመልከት፣ ከዚያ የቀኙን። የሞተውን ስታውቅ ገመዱን ከጃኩ ሥር ነቅነቅ አድርገው። መለኪያው ብልጭ ካለ ብየዳው አልያዘም። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ግራውንዱ ላይ የሚነካ የሽቦ ክር ፈልግ።