የግቢ ሣርና ተባዮቹ፦ ጥያቄና መልስ

የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሣር የምትንከባከቡ ጠይቁ። የሣሩን ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምታጠጡና ስንት ትል እንደቆጠራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያለው ሰርዶ በየቦታው ቢጫ ሆኗል። ጋጋኖ የሚባሉት ወፎችም ጠዋት ጠዋት ይቆፍሩታል። እንዴት እናባርራቸው?

መልስ፦ እንዳታባርሯቸው! ጋጋኖ በረጅም ማንቁሩ የሚፈልገው ከሥር ያለውን ትል ነው፤ የት መቆፈር እንዳለባችሁ እያሳያችሁ ነው። ቢጫው ከአረንጓዴው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በአካፋ በሦስት ጎን ቁረጡና እንደ ምንጣፍ ግለጡት። መሀሉን ተዉት፤ እዚያ ሥሩ አልቆ ትሉ ወደ ዳር ሄዷል። እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያለውን አፈር በጣት እየፈረፈራችሁ ነጭ፣ ራሱ ቡናማ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈውን የጢንዚዛ እጭ ቁጠሩ። አምስት ቦታ ድገሙት። አማካዩ ከ5 በታች ከሆነ አትርጩ፤ ሣሩን መልሳችሁ ርገጡና አጠጡ። 10 ካለፈ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ እሱም እጩ ትንሽ ሳለ ነው፣ የወፈረውን ብዙም አይበግረውም። ለእጭ የተሠራ መድኃኒት ደግሞ ከረጫችሁ በኋላ ወዲያው ካላጠጣችሁ ሣሩ ላይ ይቀራል እንጂ ሥር አይደርስም።

ጥያቄ፦ ሣራችን ታመመ፣ ምን እንርጭ?

መልስ፦ ምን ሣር? ስንት ቆጠራችሁ? ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ተምች መሆኑን በምን እንለያለን?

መልስ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ 1 ካሬ ሜትር ላይ አፍስሱ። ተምችና ቆራጭ ትል በ10 ደቂቃ ውስጥ እየተርመሰመሱ ይወጣሉ። የጢንዚዛ እጭ ግን በሳሙና አይወጣም፤ እሱን መቆፈር ነው።

አባል፦ ቆጠራው ለምን? በየሦስት ወሩ ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ረጭተን እንገላገላለን።

ሌላ አባል፦ ተማሪ በሚቀመጥበት ሣር ላይ? ሸረሪቱንና ጉንዳኑንስ ጨርሰህ ትሉን ማን ሊበላልህ ነው?

አባል፦ ለምስጡም የተቃጠለ የሞተር ዘይት እናፈሳለን፣ ይሠራል።

ሌላ አባል፦ ሣሩም አብሮ ይሞታላ!

መልስ፦ ስለ ምስጥ የጠየቀ የለም። ዘይቱ ግን አፈሩን ያበላሻል፣ ተዉት። ቀን ቆጥሮ የሚረጭ፣ ተባይ ኖረም አልኖረም ይረጫል። መጀመሪያ ትሉን ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ሰርዶ በስንት ቁመት ይታጨድ?

መልስ፦ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ። ምላጩም ይሳል፤ ሲደንዝ ጫፉን ይተለትለውና ሣሩ ነጣ ብሎ የታመመ ይመስላል። ውሃ በማለዳ።

ጥያቄ፦ ለፍልፈልስ መርዝ?

መልስ፦ ወጥመድ። ተመርዞ የሞተ ፍልፈል የበላ ድመትና ጭልፊትም ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ የጽጌረዳውን ቅጠል የሚመጠው ትንሹ ተባይ፣ ክሽክሽስ?

መልስ፦ የሣር ጥያቄ አይደለም። በጎማ፣ ውሃውን በኃይል ለቃችሁ እጠቡት።

ጥያቄ፦ የእኛም ሣር ቢጫ ሆኗል፣ ምን ይረጭ?

መልስ፦ 30 በ30፣ አምስት ቦታ። ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ።