ካርዱ ላይ የተፈረመው ቀለም ይለቃል?

«ባለፈው ቅዳሜ ያርድ ሴል ላይ አንድ ሳጥን የስፖርት ካርድ ገዛሁ። ሁለቱ ደህና መሰሉኝ፤ አንዱ ቶፕስ የተባለው ካርድ አሳታሚ በ1996–97 ያወጣው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የኮቢ ብራያንት «ክሮም» ካርድ ነው፣ ሌላው የ1975 ቶፕስ፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ጆርጅ ብሬት። ችግሩ፣ ኮቢው ላይ አንድ ልጅ በጥቁር ማርከር የራሱን ስም ፈርሞበታል። ብሬቱ ላይ ደግሞ ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ጓደኛዬ በአሴቶን ጥረገው ይለኛል። ምን ይሻላል? ልጄ ካርዶቹን በጣም ወዷቸዋል።» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እባክዎ አሴቶኑ ካርዶቹ አጠገብ እንዳይደርስ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ ያው አሴቶን ነው። የክሮም ካርድ ላዩ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ነው፤ አሴቶን ሽፋኑን ያለሰልሰውና ጉም ያስመስለዋል፣ ከሥር ያለውንም ኅትመት ሊያነሳው ይችላል። አንዴ ጉም የለበሰ ካርድ ደግሞ ተመልሶ አይጠራም።

ብሬቱ ላይ ካሉት ሁለት ፊርማዎች አንዱ የካርዱ አካል ነው። ቶፕስ በ1975 የቤዝቦል ተጫዋቾቹን ካርድ ያወጣው የፊርማቸውን ቅጂ ፎቶው ላይ አብሮ አትሞ ነው። ካርዱን መስኮት አጠገብ ይያዙና ዘንበል ያድርጉት። የታተመው ፊርማ ከፎቶው ጋር እኩል ተኝቶ ያዩታል፤ የእስክሪብቶው መስመር ግን ጎድጎድ ብሎ በአንድ ጎኑ ቀጭን ጥላ ይጥላል። የታተመውን ፊርማ «አስለቅቃለሁ» ብሎ ሲታገል የተጫዋቹን ምስል አብሮ የላጠ ሰው ካርዱን ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ምንም ላደርግለት አልቻልኩም።

ኮቢው ላይ ያለው የልጅ ስም መሆኑን ስለነገሩኝ ልቤ አርፏል። የኮቢን የራሱን ፊርማ የሚመስል ቢሆን ኖሮ፣ የፊርማ እውነተኛነት የሚያረጋግጡ ድርጅቶች ሳያዩት እንዳይነኩት እለምንዎት ነበር። ሰውየው በጃንዋሪ 2020 ከዚህ ዓለም ተለይቷል፤ ሌላ አይፈርምም።

እንግዲህ ኮቢው ተስፋ አለው። የማርከር ቀለም በአልኮል የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ልሙጥ ስለሆነ አብዛኛው ቀለም ላዩ ላይ ነው የቀረው። ከፋርማሲ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይግዙ። 70 በመቶውን ተዉት፤ ውኃው ይበዛል፣ ውኃ ደግሞ በካርዱ ጠርዝ በኩል ወደ ካርቶኑ ገብቶ ያሳብጠዋል። ከዚያው ሳጥን ውስጥ ዋጋ የሌለው ተመሳሳይ ልሙጥ ካርድ ያውጡና በጥቁር ማርከር ጻፉበት፤ አንድ ቀን አሳድረው መጀመሪያ እሱ ላይ ይለማመዱ። ይህን ሳያደርጉ ኮቢውን አይንኩ።

መስኮት ይክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አይሁኑ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮሉ ውስጥ ነክረው ፎጣ ላይ ጫን ጫን ያድርጉት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አያንጠባጥብ። ከዚያ ፊደሉ ላይ ያንከባሉት። አይፈትጉት፤ የሚቧጭረው ፍትጊያው ነው። ጥቁሩ ሲሟሟ መጀመሪያ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል፤ አይደንግጡ፣ ጥቁር ማርከር ከብዙ ማቅለሚያ የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። ሐምራዊው ሳይደርቅ ወዲያው በሌላ ንጹሕ ጥጥ ያንሱት። ለእያንዳንዱ ፊደል አዲስ ጥጥ ይጠቀሙ፤ በቆሸሸ ጥጥ መቀጠል ቀለሙን መልሶ መቀባት ነው። ሁልጊዜ ከፊደሉ ዳር ወደ መሐሉ ይሂዱ። ከካርዱ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ሲቀርዎት ጥጡን ከበፊቱ ይበልጥ አድርቁት፤ ጠርዙ ላይ ካርቶኑ ገላጣ ነውና ቀለም የቀላቀለ አልኮል ከጠጣ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ከተመላለሱበት በኋላ ጥላው ካልለቀቀ ሽፋኑ ራሱ ቀለሙን ስቦታል ማለት ነው። እዚያ ላይ ያቁሙ። ጥላ ያለበት ካርድ ላዩ ከተላጠ ካርድ ይሻላል።

የነጭ ሰሌዳ ማርከር ደርበው ጽፈው የሚጠርጉ አሉ። ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የታችኛውን ቀለም ስለሚያሟሟው ነው። እኔ ግን አልወደውም፤ ምን ያህል ፈሳሽ እንደፈሰሰ አይቆጣጠሩትም፣ ሌላ ቀለምም ይጨምሩበታል።

ብሬቱን በተመለከተ የምነግርዎት ደስ አይልም። የ1975ቱ ካርድ የዛሬዎቹ ዓይነት ሽፋን የለውም፤ ቀለሙ የካርቶኑ ቃጫ ውስጥ ገብቷል። አልኮል የእስክሪብቶን ቀለም ያሟሟል፣ ግን የተሟሟው ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሰርጋል። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን በእንዲህ ዓይነት ካርድ ላይ ሞክሬ፣ እንደ ክር የቀጠነው መስመር ዓይኔ እያየ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ሰማያዊ ደመና ሆነብኝ። የደንበኛ ካርድ ነበር፤ ከፈልኩት። በረኪና ደግሞ ቃጫውን ይበላል፣ የካርዱንም ቀለም ያጠፋል። ቀለሙ በተአምር ቢለቅ እንኳ እስክሪብቶው የቆፈረው ቦይ አይሞላም። ካርድ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ፒኤስኤ «ጽሑፍ አለበት» የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ለቀለሙ ብቻ ሳይሆን ብዕር ለተወው ጉድጓድም ጭምር ነው። ስለዚህ ብሬቱን እንዳለ ይተዉት።

ይህ ድርጅት የማጽዳት ምልክት ያየበትን ካርድም ደረጃ አልሰጥም ብሎ ይመልሳል። ኮቢው ለልጅዎ የሚቀር ከሆነ ችግር የለውም። አንድ ቀን የሚሸጡት ከሆነ ግን ማርከር እንደነበረበትና በአልኮል እንደጸዳ ለገዢው በጽሑፍ ይንገሩት። ደብቀው ቢሸጡት ገዢው ባላወቀው ነገር ገንዘቡን ያጣል፤ ይህን እንዲያደርጉ ልረዳዎት አልፈልግም። ሥራውን ሳይጀምሩ የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱት፣ ያው ማስረጃ ይሆንዎታል።

ሲጨርሱ ኮቢውን ለስላሳ ጨርቅ ላይ አጋድመው ሁለት ሰዓት ያህል ያናፍሱት። የአልኮል ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ከከተቱት እንፋሎቱ እዚያው ይታፈንና ከረጢቱ ካርዱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።